በአንድ መስመር የሚጓዙ ቃልና ቀለም፦ የጽሑፍ ጨዋታ ሰርቨሮች መልእክትን እንዴት እንደሚያስተናግዱ

በጽሑፍ ብቻ በሚካሄዱ የብዙ ተጫዋቾች ጨዋታዎች ውስጥ ሥዕል የለም። ተጫዋቹ «ሰሜን» ብሎ ጽፎ ኢንተርን ሲጫን፣ ሰርቨሩ (ጨዋታውን ለሁሉም የሚያስኬደው ማዕከላዊ ፕሮግራም) ገጸ ባሕርይውን ወደ ሰሜኑ ክፍል ያሻግርና ክፍሉን፣ በውስጡ የቆሙትን ሌሎች ተጫዋቾች፣ መሬት ላይ የተጣለውን ፋኖስ ሳይቀር በቃላት ይገልጽለታል። ከቃላቱም መካከል የሰዎቹ ስም በቢጫ፣ መውጫ በሮቹ በአረንጓዴ፣ አድፍጦ የሚጠብቀው አውሬ ደግሞ በቀይ ይታያል። ላይ ላዩን ሲታይ ነገሩ እጅግ ቀላል ነው፤ ጽሑፍ ይሄዳል፣ ጽሑፍ ይመለሳል። ከውስጥ ሲታይ ግን ትእዛዙ፣ ምላሹ፣ ቀለሙ፣ የይለፍ ቃልን የመሸሸጉ ጉዳይና የስክሪኑ ስፋት ሳይቀሩ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ተቀላቅለው የሚጓዙ ባይቶች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 የሆኑ ቁጥሮች ናቸው። ሰርቨሩ ከዚህ ቅልቅል ውስጥ የቱ ባይት የተጫዋቹ ቃል፣ የቱ የማሽን ምልክት እንደሆነ መለየት አለበት። በእነዚህ ጨዋታዎች ላይ ከሚታዩት ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህ ልየታ በተሳሳተ ቦታ ሲደረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጨዋታዎቹ በጥቅሉ ማድ ይባላሉ። ስሙ የተወረሰው በእንግሊዝ አገር የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮይ ትሩብሾ እ.ኤ.አ. በ1978 ከጀመረውና ሪቻርድ ባርትል ተረክቦ ካስፋፋው ጨዋታ ነው። ያን ጊዜ ጨዋታው የሚኖረው በዩኒቨርሲቲው ፒዲፒ-10 ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ ተጫዋቾቹም ተርሚናል (ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዘ መጻፊያና ማሳያ መሣሪያ) ፊት ተቀምጠው ይጽፉ ነበር። ዛሬ የተርሚናሉን ቦታ ክላየንት የምንለው፣ በተጫዋቹ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም ይዞታል። ተርሚናሉ ጥሎት የሄደው ቋንቋ ግን አልተተካም። ሰርቨርና ክላየንት እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚግባቡት የዚያ ዘመን መሣሪያዎች በሚረዱት ምልክት ነው፤ የአሠራሩ ውስብስብነትም በአመዛኙ ከዚህ ይመጣል።

ተቆራርጦ የሚደርስ መልእክት

ሰርቨር መጻፍ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ስለ ግንኙነቱ ባሕርይ ነው። ቲሲፒ የተባለው የኢንተርኔት ማጓጓዣ ባይቶቹ ሳይጎድሉና ቅደም ተከተላቸው ሳይዛባ እንደሚደርሱ ዋስትና ይሰጣል፤ አንዱ መልእክት የት እንደሚያበቃና ሌላው የት እንደሚጀምር ግን አይናገርም። ተጫዋቹ «ሰይፉን አንሳ» ብሎ ቢልክ፣ ሰርቨሩ በመጀመሪያው ንባብ «ሰይፉን» የሚለውን ብቻ፣ በሁለተኛው ደግሞ የቀረውን ሊያገኝ ይችላል። በተቃራኒው በፍጥነት የተላኩ ሦስት ትእዛዞች በአንድ ንባብ ተጣብቀው ሊመጡ ይችላሉ። በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚሞክር ፕሮግራመር ይህን ችግር ላያየው ይችላል፤ ግንኙነቱ ረጅም ርቀት ሲጓዝ ወይም የሞባይል ኔትወርክ ሲደካክም ግን ወዲያው ይገለጣል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተለየ ማቆያ መስጠት ነው። የደረሰው ሁሉ በማቆያው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰርቨሩም የመስመር መጨረሻ ምልክት፣ ማለትም ቁጥሩ 10 የሆነውን ባይት እስኪያገኝ ድረስ ምንም አይፈጽምም። ብዙ ክላየንቶች ከ10 በፊት 13ን ስለሚልኩ ሰርቨሩ ሁለቱን እንደ አንድ መጨረሻ መቁጠር አለበት፤ ካልሆነ አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ የተጫኑ ኢንተሮች መስሎ ይታየዋል። ምልክቱ ሲገኝ እስከዚያ ያለው ተቆርጦ ወደ ትእዛዝ ወረፋ ይገባል፤ የተረፈው ባይት ደግሞ ለቀጣዩ መስመር መነሻ እንዲሆን በማቆያው ውስጥ ይቀራል።

ወረፋ የሚያስፈልገው ለፍትሕ ነው። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ተማሪዎች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1991 የለቀቁት ዲኩማድ የተባለው ሰርቨር፣ ከእሱም የተወለዱት በርካታ ሰርቨሮች፣ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሱት ያለማቋረጥ በሚዞር አንድ ዑደት ነው። የዲኩማድ ዑደት በሴኮንድ 4 ጊዜ፣ የዘሩ የሆነው የሰርክልማድ ደግሞ በሴኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ሰርቨሩ አዲስ የገቡትን ይቀበላል፣ ከሁሉም የመጣውን ባይት ያነብባል፣ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ወረፋ አንድ ትእዛዝ ብቻ አንሥቶ ይፈጽማል፣ በመጨረሻም ምላሾቹን ይልካል። ስለዚህ አንዱ ተጫዋች በፕሮግራም ታግዞ መቶ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ቢያፈስስ ከሌላው ቀድሞ አይሄድም፤ መቶውም ተራቸውን ጠብቀው አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከዚህም በላይ ከባድ ድርጊቶች የራሳቸው የመጠበቂያ ጊዜ አላቸው፤ መዶሻ ያነሣ ተዋጊ እንደገና እስኪያነሣ የተወሰኑ ዙሮች ያልፋሉ፣ በዚያ መሐል የጻፈው ሁሉ በወረፋው ይቆያል።

ወረፋውም ማቆያውም ወሰን ሊኖራቸው ግድ ነው። መስመር ሳይጨርስ ባይት ብቻ የሚያፈስስ ክላየንት ወሰን የሌለውን ማቆያ እያሰፋ የሰርቨሩን ማስታወሻ (ሚሞሪ) ሊበላ ይችላልና። ሰርክልማድ አንድ የትእዛዝ መስመር ከ256 ባይት እንዳይበልጥ ይወስናል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውና ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ኢቬኒያ የተባለው የማድ መሥሪያ ደግሞ፣ ባለቤቱ ካልቀየረው በስተቀር፣ አንድ መልእክት እስከ 6000 ሆሄያት፣ በአንድ ሴኮንድ የሚስተናገዱ ትእዛዞችን ደግሞ እስከ 80 ይፈቅዳል።

በመላኪያው በኩልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በተወለደበት ቅጽበት አይልክም፤ በአንድ ዙር የተፈጠረውን ሁሉ አጠራቅሞ በዙሩ መጨረሻ በአንድ ላይ ይሰድደዋል። ማንበብ ያቆመ ክላየንት ሲያጋጥም ሰርቨሩ እሱን እየጠበቀ መቆም የለበትም፤ ከቆመ ዓለሙ በሙሉ ለአንድ ሰው ሲባል ይቆማል። ስለዚህ መላክ ያልተቻለውን ለቀጣዩ ዙር ያቆያል፤ የመላኪያ ማቆያው ሞልቶ ከፈሰሰም ትርፉን ጥሎ ጽሑፍ እንደጠፋ የሚናገር አጭር ማሳሰቢያ ይተካለታል።

255 የተባለው ባይት

ማድ የሚጠቀምበት የንግግር ሥርዓት ቴልኔት ነው። የቴልኔት ዋና ደንብ እ.ኤ.አ. በ1983 በጆን ፖስቴልና በጆይስ ሬይኖልድስ ተጽፎ የወጣ ሲሆን፣ ትልቁ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ቁጥሩ 255 የሆነ ባይት በመጣ ጊዜ የሚከተለው ለሰው የሚታይ ጽሑፍ ሳይሆን ለማሽኑ የሚነገር ትእዛዝ ነው። ከ255 ቀጥሎ 251 ቢመጣ «ይህን ላደርግ እፈልጋለሁ»፣ 252 ቢመጣ «አላደርግም»፣ 253 ቢመጣ «አንተ አድርግ»፣ 254 ቢመጣ «አታድርግ» ማለት ነው። ሦስተኛው ባይት የሚናገረው ስለ ምን ጉዳይ እንደሆነ ነው። ሁለቱ ወገኖች በዚህ መንገድ ይደራደራሉ፤ አንዱ ያቀርባል፣ ሌላው ይቀበላል ወይም ይመልሳል፤ ጉዳዩን የማያውቅ ወገንም «አላደርግም» ብሎ በሰላም ያልፋል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የጨዋታ ባህል አዳዲስ ነገሮችን እየጨመረ አሮጌዎቹን ክላየንቶች ሳይሰብር የቆየው በዚህ ደንብ ምክንያት ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን ከቴልኔት በጎነቶች ሁሉ የበለጠ አድርጌ አየዋለሁ።

የይለፍ ቃል ሲጠየቅ የሚሆነውን እንመልከት። በተለመደው ጊዜ ተጫዋቹ የሚጽፈውን በራሱ ስክሪን ላይ የሚያሳየው ክላየንቱ ነው። ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉን ሊጠይቅ ሲል 255፣ 251፣ 1 ብሎ ይልካል፤ ትርጉሙ «የተጻፈውን መልሶ የማሳየቱን ሥራ እኔ ልውሰደው» ነው። ክላየንቱ ይስማማና ማሳየቱን ያቆማል፤ ሰርቨሩ ግን ተረከብኩ ያለውን ሥራ ሆን ብሎ አይሠራውም፤ በመሆኑም ቃሉ ለማንም ሳይታይ ያልፋል። ሲያበቃ 255፣ 252፣ 1 ተልኮ ነገሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ይህ አሠራር ቃሉን የሚሸሽገው ከጎን ቆሞ ስክሪን ከሚያይ ሰው እንጂ በመንገዱ ላይ ኔትወርኩን ከሚያደምጥ ሰው አይደለም። ቴልኔት ራሱ ምንም አያመሰጥርም፤ መመስጠር ሲያስፈልግ ግንኙነቱ በሙሉ ቲኤልኤስ በተባለው የማመስጠሪያ ሥርዓት መሸፈን አለበት። ለባንክ ወይም ለኢሜይል የሚጠቀሙበትን የይለፍ ቃል ባልተሸፈነ ማድ ላይ መጠቀም በፍጹም አይገባም።

ረዘም ያለ ዝርዝር መነገር ሲኖርበት ቴልኔት 250ን መክፈቻ፣ 240ን መዝጊያ ያደርጋል። ክላየንቱ የስክሪኑን መጠን ሲናገር የሚልከው 255፣ 250፣ 31፣ 0፣ 80፣ 0፣ 24፣ 255፣ 240 ነው፤ 31 ጉዳዩ የመስኮት መጠን መሆኑን ይናገራል፣ ስፋቱ 80 ሆሄ፣ ቁመቱ 24 መስመር ነው። ይህም ዝርዝር እንደማንኛውም ባይት መሐል ለመሐል ተቆርጦ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሰርቨሩ የት ላይ እንደቆመ ማስታወስ አለበት። 255ን አይቶ ቀጣዩን ያላገኘ ሰርቨር «ትእዛዝ ጀምሬአለሁ» የሚለውን ሁኔታ ይዞ መጠበቅ እንጂ ያገኘውን እንደ ጽሑፍ ማሳለፍ የለበትም።

255 ራሱ የጽሑፍ አካል ሆኖ ቢመጣስ? ደንቡ ሁለት ጊዜ ይጻፍ ይላል፤ 255፣ 255 ማለት አንድ ተራ 255 ነው። ይህ ትንሽ ነገር በሩሲያውያን ተጫዋቾች ላይ ብዙ ችግር ፈጥሯል። በዊንዶውስ አሮጌ የሲሪሊክ ኮድ ውስጥ ቁጥር 255 የተሰጠው «ያ» ለተባለችው ፊደል ሲሆን፣ ይህች ፊደል በሩሲያኛ «እኔ» ማለት ናት። ክላየንቱ ሳያባዛ ከላካት ሰርቨሩ የማሽን ትእዛዝ መስሎት ፊደሏን ከነተከታይዋ ይውጣታል። «እኔ» ማለት የማይቻልበት ጨዋታ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አንባቢ ይገምተዋል።

ቀለም የሚሠራው በባይት ነው

የቀለሙ ሥርዓት ከቴልኔት የተለየ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ የተርሚናል አምራቾች ስክሪንን የሚያዙባቸው ምልክቶች ወጥ ደረጃ ወጣላቸው፤ ዛሬም አንሲ እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ የሚጀምረው ኢስኬፕ በሚባለውና ቁጥሩ 27 በሆነው ባይት ሲሆን፣ ቀጥሎ ማዕዘን ቅንፍ፣ ከዚያ ቁጥር፣ በመጨረሻም ኤም የተባለችው የላቲን ፊደል ትመጣለች። ቀይ ማለት 31 ስለሆነ «ከዚህ በኋላ ቀይ» የሚለው መልእክት በባይት ሲቆጠር 27፣ 91፣ 51፣ 49፣ 109 ነው። 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ፣ 34 ሰማያዊ ነው፤ 0 ደግሞ ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሳል። በኋላ የመጡ ተርሚናሎች ይህን አስፍተው 256 ቀለሞችን፣ ከዚያም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 በሚደርስ መጠን እየተቀላቀሉ 16,777,216 ቀለሞችን መጥራት የሚያስችል አጻጻፍ ጨመሩ።

የጨዋታውን ዓለም የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ባይቶች በእጃቸው አይጽፉም። ሰርቨሩ የራሱ አጭር ምልክት ያዘጋጅላቸዋል፤ አንዳንዱ የ& ምልክትን፣ አንዳንዱ @ን፣ አንዳንዱ ጠምዛዛ ቅንፍን ይጠቀማል፤ ኢቬኒያ ደግሞ ቀጥ ያለውን | መርጧል። ከምልክቱ በኋላ የቀለሙ መለያ የሆነች የላቲን ፊደል ትከተላለች። ነገሩን በእኛ ፊደል ብናስመስለው፣ «|ቀ» ቀይ፣ «|ተ» ተመለስ ማለት ይሁን፤ ጸሐፊው «|ቀዘንዶው|ተ በሩን ዘግቶ ተኝቷል» ብሎ ይጽፋል። ዋናው ጥያቄ ይህ ምልክት ወደ እውነተኛ ባይት የሚለወጠው መቼ ነው የሚለው ነው።

መልሱ፦ በመጨረሻው በር ላይ፣ ጽሑፉ ከሰርቨሩ ወጥቶ ወደ አንድ የተወሰነ ተጫዋች ሊሄድ ሲል ብቻ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ 256 ቀለም የሚያሳይ ክላየንት አለው፣ አንዱ 16 ብቻ፣ አንዱ ቀለምን አጥፍቷል፣ አንዱ በብራውዘር ገብቷል፣ አምስተኛው ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብብ ፕሮግራም ይጫወታል። አንድ ሰው ሲናገር ዐረፍተ ነገሩ አንድ ቢሆንም የሚወጡት ባይቶች አምስት ዓይነት ናቸው። ለመጀመሪያው ምልክቱ ወደ ትክክለኛው ቀለም ይለወጣል፤ ለሁለተኛው ከ16ቱ ወደሚቀርበው ይጠጋጋል፤ ለሦስተኛው ይሰረዛል፤ ለአራተኛው የድረ ገጽ መጻፊያ ወደሆነው ኤችቲኤምኤል ይተረጎማል፤ የአምስተኛውን ጉዳይ ከታች እናየዋለን። ቀድሞ ወደ ባይት የተለወጠ ጽሑፍ እነዚህን ሁሉ መልኮች መያዝ አይችልም። ማዶች ይህን ሐሳብ ከቀለም በፊትም ያውቁት ነበር፤ በዲኩማድ ዘሮች ውስጥ «እገሌ ሰይፉን መዘዘ» የሚለው መልእክት ሲሠራጭ የባለድርጊቱ ስም የሚገባው ለእያንዳንዱ ተመልካች ተለይቶ ነው፤ የተሰወረውን ሰው ማየት የማይችል ተመልካች ከስሙ ይልቅ «አንድ ሰው» የሚል ይደርሰዋል።

ክላየንቱ ምን እንደሚችል ሰርቨሩ የሚያውቀው በዚያው በቴልኔት ድርድር ነው። በማዶች ዘንድ በተለመደው አሠራር ሰርቨሩ የተርሚናሉን ዓይነት ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ክላየንቱ መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ የተርሚናሉን ዓይነት፣ በሦስተኛው ደግሞ አንድ ቁጥር ይመልሳል። ቁጥሩ የችሎታዎች ድምር ነው፤ 1 አንሲ ቀለም፣ 4 ዩቲኤፍ-8 (የዓለምን ፊደላት በባይት የመጻፊያ ዘዴ)፣ 8 ባለ 256 ቀለም፣ 64 ስክሪን አንባቢ ነው። 13 ብሎ የመለሰ ክላየንት የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያውቃል፤ 77 ያለው ደግሞ እነዚያኑ ይዞ ተጫዋቹ በጆሮው እንደሚያነብብ ይናገራል። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ከማዶች ነባርና ታማኝ ተጫዋቾች መካከል ስለሆኑ ይህች 64 ቀላል ነገር አይደለችም። ሰርቨሩ ሲያያት በሆሄያት የተሠሩ ካርታዎችን፣ ድንበር የሚያስመስሉ ረድፎችንና ጌጦችን ማስቀረት ይገባዋል። ትርጉምን በቀለም ብቻ ማስያዝም በዚሁ ምክንያት ስሕተት ነው፤ ጠላትን በቀይ፣ ወዳጅን በአረንጓዴ ከመጻፍ ሌላ በቃልም መለየት ያስፈልጋል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ዓይናማ ተጫዋቾችም አሉና።

ቀለም የጽሑፍን ርዝመት ያዛባል። ቀይ ለማድረግ 5 ባይት፣ ለመመለስ 4 ባይት ያስፈልጋል፤ ዘጠኙም ለዓይን አይታዩም። ሰርቨሩ ስሞችን በ20 ሆሄ ስፋት ደርድሮ ሠንጠረዥ ሲሠራ የማይታዩትን አብሮ ከቆጠረ፣ ባለቀለሙ ስም ያለበት ረድፍ ከሌሎቹ ዘጠኝ ሆሄ አጥሮ ሠንጠረዡ ይወላገዳል። ረጅም አንቀጽን በ80 ሆሄ ሲቆርጥም እንዲሁ፣ መቁረጫው በምልክቱ መሐል ካረፈ ተጫዋቹ ከቀለም ይልቅ የተበጣጠሰ ቅንፍና ቁጥር ያያል። ስለዚህ መለካትና መቁረጥ የሚሠራው በሚታየው ሆሄ ቁጥር ነው፤ ኢቬኒያ ለዚህ ሲል የሚታየውንና የማይታየውን ለይቶ የሚያውቅ የራሱ የጽሑፍ ዓይነት ሠርቷል። ቀለምን ከፍቶ አለመዝጋትም ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በቀይ ይቀጥላል። ጥሩ ሰርቨር በእያንዳንዱ መልእክት መጨረሻ መመለሻውን ራሱ ይጨምራል እንጂ የጸሐፊውን ጥንቃቄ አይጠብቅም።

የገባው ካልተጣራ

እስካሁን የተናገርነው ሰርቨሩ ስለሚልከው ቀለም ነው። ተጫዋቹ ራሱ ቀለም ቢልክስ? በንግግሩ ውስጥ ቁጥር 27 ባይትን አስገብቶ የሚልክ ክላየንት መሥራት ከባድ አይደለም። ሰርቨሩ ሳያጣራ ለሌሎች ካስተላለፈው፣ ያ ሰው በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ስክሪን ማጥፋት፣ ጽሑፋቸውን ከዳራው ጋር በሚመሳሰል ቀለም መሸፈን፣ ወይም ከጨዋታው አስተዳዳሪ የመጣ የሚመስል መልእክት መፈልሰፍ ይችላል። ይህን ለመከላከል ሰርቨሩ ከሚገባው መስመር ውስጥ ከ32 በታች የሆኑትን መቆጣጠሪያ ባይቶች በመግቢያው ላይ ይጥላል።

ማጣሪያው ግን ባይትን ብቻ ማየት የለበትም። ተጫዋቹ «|ቀ» ብሎ ቢጽፍ ሰርቨሩ የራሱን አጭር ምልክት ያገኘ መስሎት ቀይ ያደርገዋል፤ ይህ በንግግር ውስጥ ሊፈቀድ ቢችልም በገጸ ባሕርይ ስም ውስጥ ከሆነ የተመሳሳይ ስም ማጭበርበሪያ ይሆናል። ያልተፈቀደው ምልክት እንደ ተራ ሆሄ እንዲታይ በኢቬኒያ «||» ተብሎ ይባዛል። ሰርክልማድም ለስም መተኪያ የሚጠቀምበትን የዶላር ምልክት ከተጫዋች በመጣ ቁጥር መግቢያው ላይ አባዝቶ ያስገባዋል፤ አለዚያ «አምስት $ አለኝ» የሚል ተጫዋች ሳያውቀው የሰርቨሩን መተኪያ ይቀሰቅሳል። በብራውዘር ለሚጫወቱት ደግሞ የ< ምልክት ካልተለወጠ የአንዱ ተጫዋች ንግግር በሌላው ብራውዘር ውስጥ እንደ ፕሮግራም ሊሠራ ይችላል፤ ጉዳቱ ከቀለም በእጅጉ የከፋ ነው። እንግዲህ ማጥራት በመግቢያው፣ ማቅለም በመውጫው ይሁን፤ በመሐል ያለው የጨዋታው ክፍል ከትርጉም በስተቀር ምንም ባይነካ ይሻላል።

አንዳንድ መረጃ ደግሞ ከናካቴው በጽሑፍ መልክ ባይሄድ ይመረጣል። የተጫዋቹ ጤና ከ100 ወደ 82 ሲወርድ ክላየንቱ በመለኪያ ሥዕል ሊያሳየው ይፈልጋል፤ ቀድሞ ይህን የሚያውቀው ከሚታየው ጽሑፍ ውስጥ ቁጥሩን በመፈለግ ነበር፤ ጸሐፊው አንዲት ቃል በቀየረ ቁጥር ፍለጋው ይሰበራል። አሁን ብዙ ማዶች በቴልኔት ጉዳይ ቁጥር 201 የተሰየመውን ጂኤምሲፒን ይጠቀማሉ፤ በ255፣ 250፣ 201 ተከፍቶ በ255፣ 240 በሚዘጋ ፖስታ ውስጥ ቁጥሮቹ ጄሰን በተባለው የመረጃ አጻጻፍ ተጽፈው ይሄዳሉ፤ ተጫዋቹ በጽሑፉ ላይ ምንም አያይም። በብራውዘር ለሚገቡት ዌብሶኬት የተባለው የብራውዘር ግንኙነት ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ እዚያ መልእክቶች ከነወሰናቸው ስለሚደርሱ የመቆራረጡ ችግር የለም፤ ኢቬኒያ እያንዳንዱን መልእክት ከነትእዛዝ ስሙና ከነዝርዝሩ በጄሰን ይልካል።

«ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው

በአማርኛ የሚጫወቱበት ማድ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከላይ የተባለው ሁሉ በአንድ ደረጃ ይከብዳል። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር ወደሚሰጠው ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ቅጂ 3.0 ላይ ነው፤ አብዛኞቹ የማድ ሰርቨሮች የተጸነሱት ከዚያ በፊት፣ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው በሚል እምነት ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ግን አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ሲላክ 225፣ 136፣ 176፣ ከዚያ 225፣ 136፣ 139፣ ከዚያ 225፣ 136፣ 157 ሆኖ ይሄዳል። ሰርክልማድ በመግቢያው ላይ ከ127 በላይ የሆነውን ባይት ሁሉ ስለሚጥል፣ ከዘጠኙ አንድም አይቀርም፤ ሰርቨሩ የሚያየው ባዶ መስመር ነው።

ማጣሪያውን ማንሣት መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። 256 ባይት የነበረው ወሰን ለእኛ 85 ፊደል ብቻ ስለሆነ መስፋት አለበት፤ መቁረጫውም በባይት መሐል ሳይሆን በፊደል ዳርቻ ላይ ማረፍ አለበት፤ አለዚያ የመጨረሻዋ ፊደል ተሰብራ የጥያቄ ምልክት ያለበት ቅርጽ ትሆናለች። ከማቆያው አንድ ባይት ብቻ የሚያነሣው መሰረዣም ሦስቱን ማንሣት መማር አለበት። መቆጣጠሪያ ባይቶችን የሚጥለው ማጣሪያ ደግሞ መሥራት ያለበት ባይቶቹ ወደ ፊደል ከተተረጎሙ በኋላ ነው። አንድ መልካም ዜና ግን አለ፤ በዩቲኤፍ-8 ውስጥ ከ244 የሚበልጥ ባይት ፈጽሞ አይከሰትም፤ ስለዚህ ሩሲያውያንን ያስቸገረው የ255 ግጭት የአማርኛን ጽሑፍ አይነካውም።

የሚቀረው የስፋት ጉዳይ ነው። ቀይ የሆነው «ሰላም» ከነምልክቱ 18 ባይት ሲሆን ለዓይን የሚታየው ሦስት ፊደል ነው፤ በባይት የሚቆጥር ሠንጠረዥ በአሥራ አምስት ይሳሳታል። በፊደል ቢቆጠር እንኳ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይፈታም፤ ተርሚናሎች ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል እንደ ላቲኑ አንድ ሕዋስ ይመድባሉ፣ «ጨ»ን ወይም «ሠ»ን የመሰሉ ሰፋፊ ፊደላት ግን ሕዋሱን አልፈው ጎረቤታቸውን ይጋፋሉ፤ መጋፋቱም እንደ ፎንቱ ይለያያል። ሰርቨሩ በተጫዋቹ ስልክ ላይ የትኛው ፎንት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በአማርኛ ማድ ውስጥ የዕቃ ዝርዝርን በሠንጠረዥ ከመደርደር ይልቅ እያንዳንዱን ዕቃ በራሱ መስመር ላይ ማስቀመጥ፣ ብዛቱን በቁጥር ከፊቱ መጻፍና ቀለሙን ለዕቃው ስም ብቻ መስጠት የተሻለ ነው፤ እንዲህ የተጻፈ ዝርዝር በየትኛውም ፎንት አይወላገድም፣ በድምፅ ሲነበብም ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል።